በትምህርት ቤቱ በር ላይ የተተከለው ድንኳን

በእኛ በወይራ አምባ፣ ማኅተም የያዘ ሰው ከልኩ ሲያልፍ ጠብቀው የሚወረውሩበት አንድ አነጋገር አለ። የዛሬ ልጆች ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ይመስላቸዋል። በቀደም አንዱ ጎረምሳ በሠርግ ላይ «አባቶች እንዳሉት» ብሎ ሲጀምር ሰምቼ ሳቄን አፈንኩ። የምን አባቶች! እኔ የተወለደበትን ቀን ቀርቶ ሰዓቱን አውቃለሁ፤ ሐሙስ፣ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነው። ያን ጊዜ በከተማችን ትምህርት ቤት የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልናገር፤ በኋላ የዩኒፎርም ጠላት አድርጋችሁ እንዳታዩኝ። ዩኒፎርም ግዴታ ይሁን ተብሎ ወላጆች በተሰበሰቡ ዕለት እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ከዚያ በፊት የነጋዴ ልጆች በየሳምንቱ ጃኬት ሲቀያይሩ፣ የደሃ ልጆች ደግሞ ጉልበታቸው ላይ የተጣፈውን በደብተር ሸፍነው ሲቀመጡ በዓይኔ አይቻለሁ። በስብሰባው ላይ አጥብቆ የተከራከረው ግንበኛው ደርበው ነበር። «የእኔ ልጅና የባለ ሱቁ ልጅ በልብስ አይተያዩ፤ በማርክ ይተያዩ!» አለና ተጨበጨበለት። አረንጓዴ ሹራብ፣ ሴቱ ጉርድ፣ ወንዱ ሱሪ ተብሎ ተወሰነ። ደርበውም ለልጁ ለትርንጎ አሰፋላት።

ዳይሬክተራችን አቶ ልሳነወርቅ ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው አንዳንድ ቀን ይደክመዋል። እሳቸው ግን ደንብ ይወዱ ነበር። ዩኒፎርም ግዴታ ከሆነ ወዲህ በየማለዳው በሩ ላይ እየቆሙ ቁልፍ የጎደለበትን፣ ሹራቡ የደበዘዘበትን፣ ጉርዷ ታጥቦ ያልደረቀላትን ሁሉ ይመልሱ ጀመር። የደሃ ልጅ እንዳያፍር ብለን ያወጣነው ደንብ የደሃን ልጅ በር ላይ ያስቀር ጀመር። ይህን እያየን እኛ መምህራን ምን አደረግን? ጠመኔያችንን ይዘን ክፍል ገባን። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

በዚያ ዓመት ደርበው ከሚሠራበት ፎቅ ላይ ወድቆ ሞተ። ከቀብሩ ማግሥት ሚስቱ ጥቁር ቀለም አፍልታ የቤቱን ልብስ ስትነክር፣ የትርንጎን ዩኒፎርም ለይታ አስቀምጣው ነበር። ልጅቱ ሹራቡንም ጉርዱንም አንሥታ ድስቱ ውስጥ ከተተችው።

«አንቺ ልጅ! የትምህርት ቤቱን እኮ ነው!» አለች እናቷ።

«አባዬ ሞቶ አረንጓዴ አልለብስም» አለች ትርንጎ።

ትርንጎ ከሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ጠዋት ተመለሰች። ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። ያ ሐሙስ ደግሞ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ፎርም የሚሞላበት የመጨረሻ ቀን ነበር። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያልሞላ አይፈተንም፤ ያልተፈተነ ደግሞ ዓመቱን ይደግማል። ከክፍሏ ሁለተኛ የምትወጣ ልጅ ነበረች። አቶ ልሳነወርቅ እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ቆመው አገኟት።

«ይህ የለበስሽው ምንድን ነው?»

«ዩኒፎርሜ ነው።»

«ዩኒፎርም አረንጓዴ ነው።»

«ይኸም አረንጓዴ ነበር። አባቴ ሲሞት ጠቆረ።»

እሳቸውም ሰው ናቸውና ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እግዚአብሔር ያጥናሽ። ግን ለአንቺ ብፈቅድ ነገ ሁሉም ምክንያት እየፈለገ የወደደውን ለብሶ ይመጣል። ሂጂና ከአንዷ ጓደኛሽ ሹራብ ተዋሺ፤ ለዛሬ ብቻ። ፎርምሽን ሞልተሽ ትሄጃለሽ።»

«አልዋስም። አባቴ ያሰፋልኝ ይኼ ነው።»

«እንግዲያው ወደ ቤትሽ!»

«ወደ ቤቴም አልሄድም» አለችና ከበሩ ጎን መሬት ላይ ቁጭ አለች።

አቶ ልሳነወርቅ ዘበኛውን ጋሽ ወንድይፍራውን «እንዳትገባ! የገባውም ፎርም ተሞልቶ እስኪያልቅ እንዳይወጣ!» ብለው በሩን አስዘጉና ቢሯቸው ገቡ። ጋሽ ወንድይፍራው ጥቂት ቆሙ። ከል የለበሰች ልጅ መሬት ላይ ተቀምጣ አጠገቧ መገተር ግን የማይሆን ነገር ነው። ጋቢያቸውን ተከናንበው እሳቸውም ከጎኗ ተቀመጡ።

ከገጠር ለገበያ ሽንኩርት ተሸክመው የሚወርዱት እትዬ ዘርትሁን ደርሰው አዩአቸው። ምን እንደ ሆነ ጠየቁ፤ ልጅቱ ነገረቻቸው። ሽንኩርታቸውን አወረዱ።

«እትዬ፣ ገበያው ያመልጥዎታል» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው።

«ይምለጠኝ! ጥቁር የለበሰችን ልጅ ብቻዋን ትቼ ባልፍ ነገ ለእኔስ ማን ይቀመጥልኛል?» አሉና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀመጡ።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። በእኛ አገር ልቅሶ ላይ የደረሰ ሰው አስቀድሞ ያለቅሳል፤ ከዚያ ይቀመጣል። «ማን ነው የሞተው?» ብሎ ሐዘንተኛውን መጠየቅ ነውር ነው፤ ከጎን ያለውን በሹክሹክታ ይጠይቃል። እትዬ ዘርትሁን መጥታ ከጎናቸው ለተቀመጠችው እውነቱን ተናግረው ነበር። ነገር ግን ልጅቱን በልብስ ቀለም ምክንያት በር ላይ አስቀሯት የሚለውን ማን ይመን? ሰው በትምህርት ቤት በር ላይ ለቅሶ ሲቀመጥ አንድ የሚታመን ነገር ቢኖር ዳይሬክተሩ መሞታቸው ነው።

«ዳይሬክተሩ ናቸው መሰለኝ» አለች አንዷ። «መሰለኝ» የምትለዋ ቃል ሦስተኛው ሰው ጋ ሳትደርስ ወደቀች። ጋሽ ወንድይፍራው ሲጠየቁ አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። አውቀው ነው የሚል አለ፤ እኔም ከሚሉት ነኝ። ስድስት ሰዓት ላይ ሠላሳ ሰው ተቀምጦ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ የአቶ ልሳነወርቅ አሟሟት ሳይቀር ታወቀ፤ ደም ብዛት ነው፣ ሰልፍ ላይ ሲቆጡ ነው የወደቁት። ከዚያ የእድሩ ጡሩምባ ከተማውን ዞረ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ቢያድግልኝም ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሩን በጋሪ አስጭነው መጡና ከበሩ ፊት ለፊት አስተከሉ።

አሥር ሰዓት ሲሆን የታወቁ አንዲት አልቃሽ ደረታቸውን እየመቱ ተነሡ።

«ሰልፉን ማን ያቅናልን፣ በሩን ማን ይጠብቅ፣
አፈር ተጫናቸው ጋሼ ልሳነወርቅ!»

ክፍሌ መስኮት ድረስ ተሰማ። ተማሪዎቼ ተያዩ። አቶ ልሳነወርቅ እርሳስ ጆሯቸው ላይ እንደ ሰኩ ከቢሯቸው ወጥተው ወደ በሩ ገሠገሡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። በሩ ገርበብ ብሎ ፊታቸው ብቅ ሲል ከፊት የተቀመጡት ሴቶች ጮኸው ተነሡ። አንድ አግዳሚ ከነተቀማጮቹ ተገለበጠ። አልቃሿ አማተቡ።

«ምንድን ነው ይኼ? ማን ነው የሞተው?» አሉ አቶ ልሳነወርቅ።

ጋሽ ቢያድግልኝ የድንኳኑን ገመድ እንደ ያዙ ከላይ እስከ ታች አዩአቸው። «እርስዎ ነበሩ» አሉ።

«እኔ በሕይወት አለሁ!»

«እያየን ነው። እንኳን ተረፉ።»

«እንግዲያው ድንኳኑን አንሡልኛ!»

«እሱን እንኳ አንችልም። ያቺ ልጅ ሐዘንተኛ ናት፤ አባቷን ባለፈው ሳምንት የቀበርነው እኛ ነን። ሐዘንተኛ ተቀምጦ ድንኳን አይነሣም። የእድራችን ደንብ ነው። እርስዎ ደግሞ ደንብ እንደሚያከብሩ አገር ያውቃል።»

ሕዝቡ ሁሉ ወደ ትርንጎ ዞረ። እትዬ ዘርትሁን ይህን ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ልጅቱ ለምን እንደ ተቀመጠች ተናገሩ። ለሐሰተኛው ሞት ሲያለቅስ የዋለ ሰው እውነተኛውን ሲሰማ አጉረመረመ። አቶ ልሳነወርቅ ላብ አላባቸው፤ ሰዓታቸውን አዩና ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ፎርሙን አምጡላት። እዚሁ ትሙላ።»

ሮጥኩ። ፎርምና እስክሪብቶ ይዤ ተመለስኩና ዘረጋሁላት። አየችው፤ እጇን ግን አላነሣችም።

«እዚህ አልሞላም» አለች።

«ልጄ፣ ሰዓቱ እኮ ሄደ» አልኳት። ለምኛታለሁ ማለት ይቀላል።

«አውቃለሁ መምህር። አባቴ በር ላይ እንድማር አልነበረም የላከኝ። ክፍሌ ገብቼ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ በዚሁ ልብስ ነው የምሞላው። ካልሆነ ይቅር፤ እደግመዋለሁ።»

እውነቴን ነው፣ አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ አንድ ዓመቷን አውጥታ መሬት ላይ ስታስቀምጠው፣ እኔ በደመወዜ ፈርቼ ስንት ልጅ ከበር ሲመለስ እንዳየሁ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ከመሬት የተነሡት ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው። ጋቢያቸውን አራገፉ፣ ቁልፋቸውን አውጥተው ተቆልፎ የቀረውን አንዱን መዝጊያ ፈቱ፣ ሁለቱንም የበሩን መዝጊያ እስከ ግድግዳው ወለል አድርገው ከፈቱት።

«ማን ፈቀደልዎ?» አሉ አቶ ልሳነወርቅ።

«ማንም» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። «ካስፈለገ ቁልፉን ይውሰዱት። እኔ እድርተኛ ነኝ።»

ትርንጎ ተነሣች። ጉርዷን አራግፋ፣ በዳይሬክተሩ አጠገብ ቀጥ ብላ አልፋ ገባች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ወንበሯ ባዶውን ነበር። አረንጓዴ የለበሱት ሁሉ ብድግ አሉላት፤ እኔ አላዘዝኳቸውም። የአባት ስም የሚለው ላይ ስትደርስ «ደርበው» ብላ በትልቁ ጻፈች። ፎርሙን ራሴ ይዤ ሄጄ ለጸሐፊዋ ሰጠሁ፤ ማኅተም ሲያርፍበት ቆሜ አየሁ።

ወደ በሩ ስመለስ እድርተኞቹ ድንኳኑን እያጠፉ ነበር። እትዬ ዘርትሁን ሽንኩርታቸውን እዚያው በር ላይ ሸጠው ጨርሰዋል። አቶ ልሳነወርቅ ከበሩ አልራቁም፤ ቁጣቸው ወርዶ ግራ የተጋባ ሰው መስለዋል።

«ሁላችሁም ፈረዳችሁብኝ» አሉ ለጋሽ ቢያድግልኝ። «ግን ደንቡስ? እናንተው ወላጆች እጅ አውጥታችሁ ያጸደቃችሁት ደንብ አይደለም ወይ? ነገ በሩ ላይ ቆሜ ምን ልበል?»

ጋሽ ቢያድግልኝ የመጨረሻዋን ካስማ ነቅለው በጋሪው ላይ ወረወሯት፤ እጃቸውንም አራገፉ።

«ደንቡማ ይኑር፤ ወደን ያወጣነው ነው። ብቻ ልክዎን ይወቁ አቶ ልሳነወርቅ፤ ሞት ያለበሰውን ደንብ አያወልቀውም።»