ቴስታታ ላይ የተቀመጡት ሐጂ

አላህ ይዘንላቸውና፣ በአንዲት አሮጌ ከተማ፣ ከትልቁ መስጂድ በታች፣ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነበሩ። ሰውነታቸው ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፤ እልሃቸው ግን፣ ያረቢ፣ ድንጋይ ይፈነቅላል! የከተማዋን ስም አልጠራም፤ የኑርዬ ዘመዶች እስከ ዛሬ እዚያው አሉ፣ ይቀየሙኛል።

ኑርዬ የሚኒባስ ሾፌር ነው። አንድ ቀን፣ በማግስቱ የመውሊድ እንግዶችን፣ እናቱንም ጭምር፣ አሳፍሮ ቁልቁለቱን ወደ ቆላ ሊወርድ ቃል ገብቷል። ሞተሩ ግን ውሃ እየጠጣ ነጭ ጭስ ይተፋ ጀመር። ሾፌሮቹ ባዩት ቁጥር "ባቡሩ መጣ!" እያሉ ያፏጩበታል። ሜካኒኩ ገረመው ፈትቶ አየውና "የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል" አለው። ቴስታታ የሞተር ክዳን ነው፤ ጓርኒሲዮን ደግሞ ከክዳኑ ሥር ገብቶ ውሃው ከዘይቱ፣ ዘይቱ ከእሳቱ እንዳይገናኝ የሚይዝ ስስ ነገር ነው።

ኑርዬ ሐጂ ሱቅ ሄዶ ሁለት ዓይነት አየ። አንዱ ድርብርብ ብረት፣ እንደ መስታወት የሚያበራ፤ ሌላው ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ዓይን የማይሞላ። "ብረቱን ይስጡኝ!" አለ። ሐጂም የዙሁር ሶላት ሊያመልጣቸው ሆኖ፣ አንድም ነገር ሳይጠይቁ ሰጡት። እሱም በየመንገዱ "የእሽቅድምድም መኪና ዕቃ ገዛሁ!" እያለ እያሳየ ሄደ።

ሐጂ ከሶላት ሲመለሱ ደነገጡ። ያ ብረት በማሽን ተልጎ ልሙጥ ለሆነ ቴስታታ ነው። በዚያች ከተማ መላጊያ ማሽን የለም፤ ሁሉም በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ ነው የሚገጥመው። እንዲያ ላለው የሚሆነው ለስላሳው ነው፤ ጭረቱንም ጠባሳውንም ሞልቶ ይይዛል። ለስላሳውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡና ወደ ጋራዡ ገሰገሱ።

"ኑርዬ ልጄ፣ ያን መልስልኝ፤ ይሄን ውሰድ።"

"ምነው ሐጂ? የተሻለ ገዥ መጣብኝ?"

"የማይሆንህን ሸጬልሃለሁ፤ ብረቱ ውሃ ያሳልፋል፣ መንገድ ላይ ያስቀርሃል። መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅሁም።"

"ወድጄ ገዛሁ፤ ሽያጩ አልቋል። በሸሪዓውስ ንብረቱ የኔ አይደለም?"

"ያንተ ነው" አሉ ሐጂ።

"እንግዲያው አልመልስም!"

ገረመው ከመኪናው ሥር ሆኖ "እኔ ወርቅ ግጠምልኝ ቢለኝም እገጥማለሁ" አለ።

ሐጂ የትከሻቸውን ፎጣ አጠፉና፣ መሬት የተቀመጠው ቴስታታ ላይ አንጥፈው፣ ቢስሚላህ ብለው ተቀመጡበት!

"ሐጂ! ይነሱ እንጂ!"

"አልነሳም።"

"ሽማግሌ ጎትቼ ላነሳ ነው?"

"ጎትተኝ። ካቃተህም ሰው ጥራ።"

ጋራዡ በሳቅ አወካ። ሾፌሮቹ ተሰበሰቡ። ኑርዬ ፊቱ በርበሬ መሰለ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ያን ሲያሳየው የዋለውን ዕቃ ከመለሰማ ዕድሜ ልኩን መሳቂያ ሊሆን ነው!

"ተሳሳትኩ ብሎ አደባባይ የሚቀመጥ ነጋዴ የት ታየ? ነገ ማን ከርስዎ ይገዛል?"

"የሚገዛ ይግዛ። የማይገዛ ይለፍ።"

የአስር ሶላት ደረሰ። ኑርዬ "አሁንማ ይነሳሉ" ብሎ ጠበቀ። ተነሡ፤ ታጥበው ውዱእ አደረጉ፤ ከዚያ ቴስታታውን ወደ ቂብላ ከፊታቸው አድርገው፣ እሱኑ ሱትራ፣ የሰጋጅ መከለያ አድርገው አላሁ አክበር አሉ። ኑርዬ እጁን ዘረጋ። ግን የሰጋጅን ሱትራ ከፊቱ የሚነጥቅ ምን ዓይነት ሙስሊም ነው? እጁን ሰበሰበ። ሐጂ አሰላምተው ሶላታቸውን ጨረሱና ተመልሰው ተቀመጡ።

"እሺ፣ ግጠመው" አሉት ቀስ ብለው። "ነገ ግን የመኪናህ በር ላይ እቆማለሁ። ለሚሳፈረው ሁሉ፣ 'እዚህ ሞተር ውስጥ ቡሽራ ተሳስቶ የሸጠው ዕቃ አለ፣ አውቃችሁ ግቡ' እላለሁ።"

"እናቴም አለችበት እኮ!"

"ከሷ ነው የምጀምረው።"

ለኑርዬ እናቱ በዚያ የቆላ ፀሐይ፣ ከቆመች መኪና ጥግ፣ ነጠላዋን አናቷ ላይ ጥላ ታየችው። የሚያበራውን ብረት አንሥቶ ጉልበታቸው ላይ አኖረ።

"ይኸው! ይውሰዱት! ግን ምን ነበረበት ዝም ቢሉ? ማን ያውቅብዎት ነበር?"

ሐጂ ፎጣቸውን እያራገፉ፣ "ልጄ፣ ዕቃው እጄን ለቀቀ እንጂ አንገቴን አልለቀቀም" አሉት።

ይህን ልብ በሉልኝ! ዛሬ እኛ ዕቃው ከሱቃችን ከወጣ "ዓይኑ እያየ ገዛው" ብለን ተደላድለን እንተኛለን። ሐጂ ገዥው እምቢ እያለ፣ ሰፈሩ እየሳቀ፣ አማናቸውን ተከትለው ጋራዥ ድረስ ወረዱ። በመሳሳት የሚታፈር ከሆነማ ሁላችንም ፊታችንን ሸፍነን እንሂድ! ሐጂ ያፈሩት ዝም ለማለት ነው። ሰው ይሳቅ፣ ይሳቅብን፤ ሐቅ ይዞ ከተቀመጡበት አለመነሳትን አላህ ይወፍቀን።