የንዴተኛው ገበሬ ቦይ

አንድ ሰው ነበረ፤ ንዴተኛ። ሲቆጣ ግራር እሾኹን ያራግፍ ነበር፤ የታቀፈች ዶሮ ከድምፁ የተነሳ ጊዜዋ ሳይደርስ ትፈለፍል ነበር።

የዚህን ሰው ነገር ያነሳሁት ለጎረቤቴ ለውቢት ነው። ውቢት ቀን ቀን ጨርቅ ትሸጣለች፤ ማለዳ ማለዳ ከጓደኞቿ ጋር ትሮጣለች። ለሜዳሊያ አይደለም፤ ደስ ስለሚላት ብቻ። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። እሱ ሲድን ታይፎይድ ጣላት። ከታይፎይዱ ስትነሳ «ደም አንሶሻል» አሏት። ደሟ ሲመለስ ተረከዟ አመመ። ሐኪሙ በየጊዜው «ቀስ እያልሽ ጀምሪ» ይላታል፤ እሷ የቀረባትን ለማካካስ በማግስቱ ከጓደኞቿ እኩል ዳገት ትወጣለች። እና አንድ ጠዋት እያነከሰች ግቢዬ ገባች፤ የመሮጫ ጫማዋን አውልቃ አንድ በአንድ ጣሪያዬ ላይ ወረወረችው። ቆርቆሮው ጮኸ።

«አባባ፣ ሰው ስንት ጊዜ ከዜሮ ይጀምራል?» አለችኝ። ዓይኗ ውስጥ እንባ የለም፤ እሳት ነው ያለው። «ሰፈሩ ሁሉ ‹ማን አሳደደሽና ትሮጫለሽ› እያለ ይስቅብኛል። ይህን እግር ቆርጬ ለውሻ ብሰጠው ደስታዬ!»

«ለእኔ ውሻ እንዳትሰጪው፤ በልቶ እሱም ያነክስብኛል። ቁጭ በይ» አልኳትና ቀጠልኩ።

ያ ንዴተኛ ሰው ገበሬ ነው። እህሉ ለሆዱ ነበረ፤ ከዳገቱ ሥር ያለችው የሽንኩርት መደብ ግን የልቡ ነበረች። ውሃ የሚያመጣላት ከወንዙ ተጠልፎ፣ በአንድ ዋርካና በአንድ ቋጥኝ አጠገብ አልፎ ጋራውን የሚዞር ቦይ ነው፤ በወጣትነቱ በገዛ እጁ የቆፈረው። ወንዙን የሚካፈሉት ብዙ ናቸውና ውሃው በተራ ነው። ተራህ ካለፈ እስኪዞር ትጠብቃለህ፤ ሽንኩርት ግን መጠበቅ አያውቅም።

አንድ በጋ ተራው ደርሶ ውሃውን ቢለቅ፣ ቦዩ ከዋርካው ሥር ተሸነቆረና ውሃው ሁሉ ገደል ገባ። ገበሬው በጭቃና በሣር ደፈነው። ተራው ግን አለፈ። ቀጣዩ ተራ ሲደርስ «ያለፈውንም ጭምር እወስዳለሁ!» ብሎ የቦዩን አፍ አስፍቶ ከፈተ። ከዋርካው ሥር ያዘ፤ ከቋጥኙ አጠገብ ፈረሰ። እዚያም ደፈነ። በሌላው ተራ ወንዙን እንዳለ አገባበት፤ ቋጥኙ ጋ ያዘ፤ ከቋጥኙ ወዲያ ዳሩ በሙሉ ተናደ። በተራና በተራ መካከል ቦዩን ፀሐይ ይበላዋል፤ ያንን ያየ የለም።

ጎረቤቶቹ ምክር አላጡም። ምክር መቼ ይታጣል! አንዱ «ዓይን በልቶህ ነው» አለው። ሌላው «ሽንኩርት ለአንተ አልተጻፈም፤ ይልቅ ጓያ ዝራ፤ ውሃ አይጠይቅህም» አለው። እግር የሚሰብረውን ጓያ! እኔ ብሆን ያንን መካሪ በዶማ እጀታ… ይቅር፣ ተይው።

ገበሬው ይህን ሲሰማ እንዴት እንደጮኸ! ሦስት ጋራ ማዶ ያለ ገበያ ተበተነ።

«አባባ፣ አጋነኑ» አለች ውቢት።

«ቀንሼልሽ ነው።»

ዶማውን ይዞ ወጣ፤ ሊደፍን ሳይሆን ሊያፈርስ። «ከሃዲ! በእጄ ቆፍሬህ፣ በላቤ አሳድጌህ፣ አንተ ታዋርደኝ!» እያለ የቦዩን ዳር መታው። ዶማው እስከ እጀታው ሰጠመ። ሣሩን ገለጥ ቢያደርግ ስንጥቅ ነው፤ በሬ ከነቀንበሩ የሚውጥ ስንጥቅ። አገሩ ጥቁር አፈር ነው፤ ሲደርቅ እንዲያ ይሆናል። ሰውዬው የፈረሰውን እየሮጠ ይደፍን ነበር እንጂ ገና ያልፈረሰውን ጎንበስ ብሎ አይቶት አያውቅም።

ሲያየው ደግሞ ባሰበት። የሚጠጣውን ውሃ የያዘበትን ቅል ከወገቡ ፈትቶ፣ «ውሃዬን ሁሉ ጠጥተህ አልጠገብክም? እንካ፣ ይሄንንም ጠጣ! አንተ ጠጣ፣ እኔ ልሙት!» ብሎ በብሽቀት ስንጥቁ ውስጥ ደፋው።

አፈሩ ጠጣ። ገበሬው የሚያውቀውን ስድብ ጨርሶ ሌላ ሲፈልግ፣ አፈሩ እብጥ አለና የስንጥቁ ከንፈር ከከንፈር ገጠመ።

ሰውዬው ዶማውን አስቀመጠ።

የተናደውን ዳር በጭቃና በሣር ደፈነና ቀጣዩ ተራ ሲደርስ የቦዩን አፍ ጣት በምታህል ቀዳዳ ብቻ ከፈተ። ውሃው እየተሳበ ሄደ፤ ቦዩ ጠጣ፣ ጠጣ፣ መንገድ ላይ ጨረሰው። ሽንኩርቷ ጋ አንዲት ጠብታ አልደረሰችም። ጎረቤቶቹ በሳቅ ተንከባለሉ። ገበሬው ንዴቱ በርዶለት እንዳይመስልሽ! የቦዩ አፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጋቢውን ይነክስ ነበር። እጁ «ላስፋው፣ ላስፋው» እያለ ሲያስቸግረው መዳፉ ላይ ተቀመጠበት። አንዱ «እኔ ላስፋልህ?» ብሎ ቢጠጋ እንደ ነብር አገሳበት።

ከዚያ በኋላ በመጣው ተራ ክንድ በምታህል ከፈተ። ውሃው ዋርካውን አለፈ፤ ቋጥኙን አለፈ፤ ከመደቧ ደረሰ። ግማሹ ሽንኩርት ደርቆ ቀርቷል። ግማሹ ቀና አለ። እዚህ ላይ አላጋንንም፤ የተረፈው ግማሹ ብቻ ነው።

«ሌላውስ ግማሽ?» አለች ውቢት በቁጣ። «እሱን ማን ይመልስለታል?»

«ማንም! ለእሱ ተናደጂ፤ እውነትሽን ነው። የቀረብሽ ማለዳ ቀርቷል። ነገር ግን ስሚኝ፤ ወንዙ ፍላጎትሽ ነው፣ ቦዩ ሥጋሽ ነው። ሕመም ያደረቀው ቦይ ገና ሳይጠጣ ወንዝ ትለቂበታለሽ፤ ሲፈርስ ከሃዲ ትይዋለሽ። ከዜሮ ስንት ጊዜ ይጀመራል አልሽኝ። ያ ሰው ቦዩን ሁለተኛ አልቆፈረም! ደረቀ እንጂ አልጠፋም። ያንቺም ተቆፍሯል፤ መንገዱን ያውቃል። ንዴትሽን አልወስድብሽም፤ ብቻ ዶማ አድርገሽ እግርሽ ላይ አታንሺው። የቦዩ አፍ ላይ አስቀምጪውና ዘበኛ ይሁንሽ። ሰፈሩ ሲስቅ በሰፈሩ ላይ ይጩህ፤ አንቺ ዛሬውኑ ዳገት ልውጣ ስትዪ ባንቺ ላይ ይጩህ።»

ውቢት ተረከዟን በእጇ ይዛ ወደ ጣሪያው ቀና አለች።

«አዎ፣ እሱን ልልሽ ነበር። ጫማሽን አሸንዳዬ ውስጥ ነው የጣልሽው፤ ክረምት ሲገባ ቤቴን ሊያጥለቀልቀው ነው። መሰላሉ ከጓሮ አለ። ደግሞ ቀስ ብለሽ ውጪ፤ እያነከሰ ከመሰላል ለወደቀ ሰው ምሳሌ የለኝም።»