ለስንዱ የሚሆን አረንጓዴ ጁስ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት አትበሉኝ። የዛሬው ተረቴ ላም የለውም። ወተት ግን አለው፣ እሱም የጠፋ ወተት ነው።

አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ማንጎ ከአጥር ዘሎ መንገድ ላይ በሚንከባለልበት አንድ ሰፈር፣ ቦጋለ የሚባል የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሚስቱ ስንዱ ከወለደች ገና ወር አልሞላትም። ወባ ይዟት ከርሞ፣ መድኃኒቷን ጨረሰች፣ ትኩሳቱም ለቀቃት፤ ምግብ ግን እንቢ አላት። ሦስት ቀን ሙሉ ከውሃ በቀር ምንም አልቀመሰችም። ከጤና ጣቢያ ነርስ መጥታ አየቻትና መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷል፣ የቀረው መብላት ነው፣ እስከ ነገ ካልበላች ሆስፒታል ትተኛለች ብላ ሄደች። ሕፃኑ ጡት ይስባል፣ ያጣል፣ ያለቅሳል። ሕፃኑ ያለ ወተት አይተኛም፤ ወተቱ ስንዱ ካልበላች አይመጣም።

ቦጋለ ገንፎ አገነፋ፣ ሾርባ ቀቀለ። ስንዱ ሽታው በር ላይ ሲደርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከቆይታ በኋላ ግን አረንጓዴ ጁስ ባገኝ እጠጣ ነበር አለች፤ በእርግዝናዋ ጊዜ ወይዘሮ ባዩሽ ጁስ ቤት ትጠጣው የነበረውን ማለቷ ነው። ቦጋለ ደስ አለውና “ይቺማ ምን አላት” ብሎ ጆግ አንጠልጥሎ ወጣ። ይቺማ ምን አላት ያለ ሰው ምን እንደሚገጥመው እናንተም ታውቃላችሁ።

ወይዘሮ ባዩሽ ማንጎውን ላጠች፣ አቮካዶውን ከፈለች፣ ሙዙንና ሎሚውን አዘጋጀች። ከዚያ እጇን አጣጥፋ ቆመች። ጁሱን አረንጓዴ የሚያደርገው የሽፈራው ዛፍ (የሞሪንጋ) ቅጠል አልነበራትም። ቦጋለ ያለ ቅጠሉ ፍጪልኝ ብሎ ለመናት፤ እሷ ግን ያለ ሽፈራው የተፈጨውን አረንጓዴ ብዬ ሸጬ አላውቅም፣ ስንዱ ገና በከንፈሯ ስትነካው ታውቀዋለች አለችው። እውነቷን ነው። ሕፃኑ ያለ ወተት አይተኛም፤ ወተቱ ስንዱ ካልበላች አይመጣም፤ ስንዱ ያለ ጁስ አትቀምስም፤ ጁሱ ያለ ቅጠል አይፈጭም።

ሽፈራው በአርባ ምንጭ ጠፍቶ ነው ወይ ትሉኛላችሁ። ጾም ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ለወጥ ሲሸመጥጥ ከርሞ ዝቅ ያለው ዛፍ ሁሉ መላጣውን ቀርቷል። ለጋ ቅጠል የቀረው እዚያው ሰፈር በሚኖረው በጋሽ ሻንካ ግቢ ባለው ረጅም ዛፍ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ጋሽ ሻንካ ውሰድ አለው፤ ነገር ግን የሽፈራው ቅርንጫፍ ሰው አይሸከምም፣ ወድቀህ ስንዱን በአንተ ላይ እንዳታስለቅሳት፣ መሰላል ፈልግ አለው። ሕፃኑ ያለ ወተት አይተኛም፤ ወተቱ ስንዱ ካልበላች አይመጣም፤ ስንዱ ያለ ጁስ አትቀምስም፤ ጁሱ ያለ ቅጠል አይፈጭም፤ ቅጠሉ ያለ መሰላል አይወርድም።

በሰፈሩ ያለው ረጅም መሰላል አንድ ነው፤ እሱም ከጋሽ ሻንካ ፊት ለፊት የሚኖረው የአናጺው የጋሽ ዳምጤ ነው። ቦጋለ ገብቶ ቢያይ መሰላሉ ላይ ፍየል ታስራለች። የጋሽ ሻንካ ፍየል ናት። ከሦስት ቀን በፊት ገብታ አሥራ አንድ የፓፓያ ችግኝ ጠርጋ በላች፤ ጋሽ ዳምጤም ያዛትና ባገኘው ነገር ላይ አሰራት። አሁን ሻንካ ራሱ ደጄ ላይ ቆሞ ይቅርታ ካልጠየቀኝ ፍየሏም አትፈታም፣ መሰላሉም አይነሳም ይላል። ጋሽ ሻንካም በበኩሉ ፍየሌን ባሰረ ሰው ደጅ አልቆምም ብሏል። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል፤ እዚህ ግን የተጎዳው ገና ስም ያልወጣለት ሕፃን ነበር።

ቦጋለ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። እቤት ብቅ ሲል ልጁ ያለቅሳል፤ ድምፁም እየደከመ ሄዷል። ቦጋለ ፈራ። ሕፃኑ ያለ ወተት አይተኛም፤ ወተቱ ስንዱ ካልበላች አይመጣም፤ ስንዱ ያለ ጁስ አትቀምስም፤ ጁሱ ያለ ቅጠል አይፈጭም፤ ቅጠሉ ያለ መሰላል አይወርድም፤ መሰላሉ ፍየሏ ካልተፈታች አይነሳም፤ ፍየሏ ሻንካ ካልመጣ አትፈታም፤ ሻንካ ደግሞ አይመጣም።

ፈሪ ሰው ብልሃት አያጣም። ቦጋለ መሰላሉን ሊሰርቅ ቆረጠ። ጋሽ ዳምጤ ከምሳ በኋላ ጋደም ይላል፤ ችግሯ ፍየሏ ናት፣ ሰው በቀረባት ቁጥር ትጮኻለች። አፏን በሣር ልይዘው ብሎ ወንዝ ወረደና ሁለት እጁን ሙሉ እርጥብ ሣር ነቅሎ እየሮጠ ተመለሰ። ሁለቱ ግቢዎች መካከል፣ ኮረኮንቹ ላይ ሲደርስ የላስቲክ ጫማው ማሰሪያ ተበጠሰ። ደክሞት ነበር፤ በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ሣሩን ግን አልጣለም።

በጋሞ ምድር እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከ ሰው ዕርቅ ለማኝ ነው። ይህ የሽማግሌ ሥራ ነው፤ በዚያ ሰው ላይ ተራምዶ የሚያልፍ፣ ልመናውንም እንቢ የሚል የለም። ወደ ሱቅ ሊሄድ ከበሩ ብቅ ያለው ጋሽ ሻንካ አየውና ባለበት ቀረ። ሣሩ ሸቷት የጮኸችውን ፍየል ሰምቶ የተነሳው ጋሽ ዳምጤም ከወዲያ በኩል ወጥቶ ቆመ። ሁለቱም ኮፍያቸውን አወለቁ።

“ሽማግሌ ጠፍቶ ነው ልጅ የሚንበረከክልን?” አለ ጋሽ ሻንካ። ድምፁ ውስጥ ሐፍረት ነበረ።

ቦጋለ ሣሩ ለፍየሏ ነው ሊል አፉን ከፈተ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፤ መልሶ ዘጋው። እንደገና ሲከፍተው የወጣው ሌላ ነው።

“ልጄ ወተት አጥቷል፣ ጋሼ” አለ። “ሌላ የምለው የለኝም።”

ጋሽ ሻንካ መንገዱን ተሻገረ። በጋሽ ዳምጤ በር ላይ ቆመና ስለ ችግኞቹ ይቅር በለኝ አለ። ጋሽ ዳምጤም ንግግሩን ሳያስጨርሰው አንተም ስለ ፍየሏ ይቅር በለኝ ብሎ ትከሻውን ሳመው። ከዚያማ ማን ያቆመው። ሻንካ መጣ፤ ፍየሏ ተፈታች፤ መሰላሉ ተነሳ፤ ቅጠሉ ወረደ። ያ ሁሉ ሲሆን ፍየሏ የዕርቁን ሣር እስከ መጨረሻዋ ዘለላ በላች፤ የከለከላት የለም።

ወይዘሮ ባዩሽ ለጋ ለጋውን መርጣ፣ ከዘንጉ ሸምጥጣ፣ አጥባ አንድ እፍኝ ጨመረች። ከዚያ በላይ ከሆነ ይመራል። ማንጎው፣ አቮካዶው፣ ሙዙና ሎሚው አብረው ገቡ፤ ጁሱ ተፈጨ፤ አረንጓዴ ሆነ። ቦጋለ ጆጉን በሁለት እጁ አቅፎ እቤቱ ገባ።

ስንዱ አንድ ጊዜ ተጎነጨች። ቆየች። እንደገና ተጎነጨች፤ ብርጭቆውን ጨረሰች፤ ትንሽ አሸለባት። ስትነሳ ገንፎ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ቦጋለ ያን ጊዜ ጓዳ ገብቶ አለቀሰ፤ ቀኑን ሙሉ አፍኖ የያዘው እንባ ነበርና ቀለለው።

ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ጡቷ ሞላ። ስንዱ ቀመሰች፤ ወተቱ መጣ፤ ሕፃኑ ጠባ፣ ጠባ፣ ጠባ፣ አፉ ከጡቷ ላይ እያለ ተኛ።

ተረቴ ይኸው ነው። መልሱልኝ አልላችሁም፣ አፌንም በዳቦ አብሱልኝ አልልም። ልጁ ገና አሁን ነው የተኛው፤ ስትወጡ በሩን ቀስ አድርጋችሁ ዝጉት።