እንዴት መተው ይቻላል?

አንድ ነጂብ የሚባል ወጣት ነበር። የከተማው ሠፈሮች ስማቸውን ከየት እንዳገኙ እያጠያየቀ ፖድካስት ይሠራል። ድምፁ እንዳያስተጋባ መኝታ ቤቱን ዘግቶ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ነው የሚቀዳው። ከዓመት በላይ ለፋ። የሚያደምጡት ግን እናቱና የእናቱ ጎረቤት ብቻ ነበሩ፤ ጎረቤቲቱንም ቢሆን መሃል ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል።

አንድ ቀን ቪዲዮና ፖድካስት የሚሠሩ የከተማው ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት ሊሰባሰቡ መሆኑን ሰማ። «ሄጄ ልያቸውና በዚያው ፖድካስቱን ልሰናበተው» ብሎ ሄደ።

አስተባባሪዋ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰብስባ፣ «የክብር እንግዳ የለንም፤ ንግግር የሚያደርግም አልጋበዝንም። ልትነጋገሩበት የፈለጋችሁትን ጽፋችሁ በየክፍሉ በር ላይ ለጥፉ። ርዕሱ የሳበው ሰው ይገባል» አለች።

ሌላው ስለ መብራት፣ ስለ ድምፅ ጥራት፣ ተመልካች ስለ ማብዛት ጻፈ። ነጂብ ደግሞ «ይህን ሥራ እንዴት መተው ይቻላል?» ብሎ ለጠፈ። ማንም እንደማይመጣ እርግጠኛ ስለነበር ጥቂት ተቀምጦ ወደ ቤቱ ሊሄድ አሰበ።

ክፍሉ ሞላ። ወንበር ጠፍቶ ሰው መስኮት ላይ ተቀመጠ። ከገቡት መሃል አንዷ በአስቂኝ ቪዲዮዎቿ አገር ያወቃት ሙሉነሽ ነበረች።

ነጂብ ደነገጠ። «አንቺም ልትተዪ?»

«ሁለት ዓመቴ ልተወው ስል» አለች። «የሚያየኝ ብዙ ነው፤ ቁጭ ብሎ የሚያወራኝ ግን የለም። ባለፈው ቆርጬ የስንብት ቪዲዮ ለቀቅሁ። ከሠራኋቸው ሁሉ ብዙ ሰው ያየው እሱን ሆነ! ታዲያ እንዴት ልተወው?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። በቪዲዮ የፀጉር አቆራረጥ የሚያሳየው ፀጉር አስተካካዩ ተሻለም፣ «እኔ ካሜራዬን ሸጬ በሳምንቱ ገዢውን ለምኜ አስመለስኩ» አለ።

«አንተስ ለምን ትተዋለህ?» ሲሉት ነጂብ አንገቱን ደፋ። «የሚሰማኝ የለም» አለ።

«እስቲ አሰማን!»

ስልኩን አውጥቶ ከቀዳቸው አንዱን ከፈተላቸው። «ዱላ ጣል» የሚባለው ሠፈር ስሙን ያገኘው ሁለት ጠበኞች ታርቀው ዱላቸውን ስለጣሉበት ነው ይላል። ተሻለ ዘሎ ተነሳ።

«ተወኝ እባክህ! ያደግኩበት ሠፈር ነው። ዱላው የተጣለው በሠርግ ነው፤ ጭፈራው ሞቆ!»

«አያቴ እኮ የሚሉት ሌላ ነው!» አለች አንዷ ከመስኮቱ። ክርክሩ ጦፈ። ነጂብ እየሳቀ ቶሎ መቅጃውን ከፈተ።

ሰዓቱ ሲያልቅ አስተባባሪዋ ብቅ ብላ፣ «እህ፣ መተው ተማራችሁ?» አለች።

«አልቻልንበትም!» አሉ ባንድ ድምፅ።

ነጂብ ዛሬም ዝነኛ አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ተሻለ ፀጉር ቤት ውስጥ ይቀዳል፤ ሙሉነሽ ትጠይቃለች፣ ደንበኞቹ ይከራከራሉ፣ እሱም እንደ ድሮው ብቻውን አያወራም።

ወዳጄ፣ ብዙ ጊዜ የምናፍረው የብቻችን በመሰለን ድካም ነው። አውጥተን ስንናገረው ግን ያው ድካም ያለበት ሰው ከጎናችን እናገኛለን። እርስዎስ «ደክሞኛል» ብለው ለሰው የተናገሩት መቼ ነው?