አስር ምሽት የተንኳኳ በር

አንድ ግድግዳም ጣሪያም የሌለው ቤት ነበር። ሰዎች የሚገቡበት በስልካቸው ነው። እንደ ማንኛውም ቤት ግን በር ነበረው፤ የራሱ ወግም ነበረው። እኔ ነገር ሲነገረኝ "ለምን?" ማለት የማይሰለቸኝ ሰው ነኝ። ታሪኩን የሰማሁ ቀን ከሁሉ የገረመኝ ወጉ ነበርና ከእሱ ልጀምር።

ቤቱን ያቋቋሙት ሲስተር የሺመቤት የሚባሉ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ሥራ ላይ በነበሩበት ዘመን ሁሉ አንድ ነገር ሲያንገበግባቸው ኖሯል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ከጤና ጣቢያ ይወስዳል፤ ቤቱ ሲደርስ ግን ሰው እንዳያየው እየሰጋ ሳይውጠው ያድራል። ቢያዩት "ይጥለዋል" ሊባል ነዋ! ትዳሩም ሥራውም አደጋ ላይ ሊወድቅ ነው። አንድ ቀን መንገድ ላይ ከወደቀ ደግሞ ሕዝቡ ዙሪያውን ከቦ ክብሪት ይጭርበታል እንጂ ደፍሮ አይነካውም። ስለዚህ አስናቀ የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ አስጠርተው "እነዚህ ሰዎች ሳይሳቀቁ የሚገናኙበት ቤት ሥራልኝ" አሉት። ሠራላቸው።

በዚያ ቤት ስም አይነገርም፤ ስም አይጠየቅም። አንዱ ጎመን ዘር ነው፣ አንዷ የቆርቆሮ ድምፅ ናት፣ ሌላው ፌርማታ ነው። ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን ሁሉም በያለበት ክኒኑን ይውጥና "ዋጥኩ" ብሎ ይጽፋል። ያየው ሰው "እሰይ" ብሎ ይመልስለታል። በቃ፣ ይኸው ነው። "ዋጥኩ።" "እሰይ።" "ዋጥኩ።" "እሰይ።" ሦስት መቶ ሰው! ለማያውቀው የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ግን በዚህች በሁለት ቃል ስንቱ ወር ሙሉ፣ ስንቱ ዓመት ሙሉ ሳይወድቅ ከረመ።

አንድ ማክሰኞ ቤቱ ጠፋ። ቤቱን የተሸከመው ማሽን ተቃጠለ። አስናቀ "ቢበላሽ እንኳ ቅጂ አለኝ" ሲል የኖረ ሰው ነው። ቅጂውን የት ያስቀመጠው ይመስላችኋል? እዚያው ማሽን ውስጥ! ትርፍ ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን ዘግቶ የወጣ ሰው ማለት ይኸው ነው። እጁን ነከሰ። ከዚያ ከተቃጠለው ማሽን ውስጥ የተረፈውን ጽሑፍ እየለቀመ ቤቱን እንደገና ሊሠራ ተቀመጠ።

ሲስተር በዚያው ቀን ደወሉለት።

"ልጄ፣ ሰዎቹን ምን እንበላቸው?"

"ነገ ይስተካከላል ሲስተር። አሁን በምን አፌ አወራለሁ? ልጨርሰውና ያኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

እሳቸውም እሺ አሉ፤ ዝም አሉ። በሩ ላይ የሚነበበው "ገጹ አልተገኘም" የሚል ብቻ ነበር። በማግሥቱ "ነገ" አለ። በሦስተኛውም ቀን "ነገ" አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ቀን ሞላ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ቤቱ ተከፈተ። ደስታው አይነገርም! ጎመን ዘር "እንኳን ለዚህ አበቃን" ብሎ ጻፈ። የቆርቆሮ ድምፅ የእልልታ ድምፅ ቀድታ ላከች። ፌርማታ በቁጣው የሚታወቅ ነውና መጀመሪያ አስናቀን አብጠለጠለው፤ ቀጥሎ አመሰገነው። ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን "ዋጥኩ" እንደ ዝናብ ወረደ። ሁሉም "ማንም አልጎደለም" ተባባለ።

አስናቀ ግን ነገር አይለቅም፤ በዚህ እኔን ይመስላል። የቤቱን በር የሚጠብቅ ሌላ ትንሽ ማሽን ነበረው። ይህ ማሽን ቤቱ ሲዘጋም በሩን የነካ ሁሉ በስንት ሰዓት እንደነካ ይመዘግባል። አስናቀ "እስቲ በነዚያ ቀናት ስንት ሰው አንኳኳ?" ብሎ፣ ቤቱ በተከፈተ በአራተኛው ቀን መዝገቡን አየ። አብዛኛው ሰው አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ሞክሮ ትቷል። አንድ ስልክ ግን፣ አንድ ብቻ፣ በየቀኑ ማታ ልክ አንድ ሰዓት ላይ በሩን አንኳኩቷል። አስር ምሽት በተከታታይ። በአሥራ አንደኛው ምሽት የለም። ቤቱ ከተከፈተ ወዲህም የለም።

ለሲስተር ነገራቸው። "ሰልችቶት ይሆናል" አለ።

"አስር ቀን ያልሰለቸው ሰው በአሥራ አንደኛው ይሰለቸዋል?" አሉት።

አስናቀ የዚያን ስልክ የቤት ስም ከመዝገቡ ፈለገ።

የሰውየው የቤት ስም ብርጭቆ ነው። ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። ቤቱ ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በነዚህ ሁለት ዓመታት አንድ ቃል አልጻፈም። "ዋጥኩ" እንኳ ብሎ አያውቅም። በየምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ይገባል፣ የሌሎቹን ያነባል፣ ይወጣል። ለዚህ ነው ሲቀር ማንም ያላወቀው። ሲስተር ይህን ለሁሉም ነገሩ።

የቆርቆሮ ድምፅ "ወይኔ! ሞቶ ቢሆንስ?" አለች።

ሁሉም ሰው ቤቱ ሲገባ ስልክ ቁጥሩን ያስመዘግባል። አስናቀ ግን ቁጥሮቹን ቆልፎ፣ ላይከፍታቸው በእናቱ ስም ምሎ ነበር። ያ መሐላ ባይኖር ግማሹ ሰው ቤቱን አይረግጥም። አሁን ጎመን ዘር "የብርጭቆ ቁጥር ይከፈትና ይደወልለት" ሲል ፌርማታ ቱግ አለ።

"ዛሬ የእሱ ከተከፈተ ነገ የኔ ይከፈታል። እኔ ቀለበት ካሰርኩ በኋላ ነው እጮኛዬ ወሬውን ከሰው የሰማችው። ከዚያ ወዲህ ዓይኗን አላየሁትም። ስልኩን ሌላ ሰው ቢያነሳውስ? ባል ቢሆን፣ ሚስት ብትሆን፣ አማት ብትሆን? ምን ልትሉ ነው? 'የሚጥለውን ሰው ፈልገን ነው' ልትሉ?"

ትክክል ነበራ! ዝም ቢሉ ሰው ሊጠፋ ነው፤ ቢናገሩ ሰው ሊያጠፉ ነው። ጥቂት ቆይቶ ፌርማታ ራሱ በረድ አለና እንዲህ ሲል ጻፈ።

"የግድ ከሆነ አስናቀ ብቻውን ይክፈተው፤ ለኛም አይንገረን። የሚልከው መልእክት ግን ሌላ ሰው ቢያነበው ምንም የማይገባው ይሁን።"

ሲስተር የሺመቤት ይህን አንብበው እስከ ማግሥቱ አሰቡ። ከዚያ ለአስናቀ ደወሉለት።

"ቁጥሩን ብቻህን ክፈትና ማታ አንድ ሰዓት ላይ አንድ ቃል ላክ" አሉት። "'ዋጥኩ' በል። ሌላ ሰው ካየው 'ይኼ ደግሞ ምኑን ነው የዋጠው?' ብሎ ይስቃል፤ ቁጥር የተሳሳተ ይመስለዋል። የኛ ሰው ካየው ግን መልሱን ያውቀዋል።"

አስናቀ ላከ። መልስ የለም። በማግሥቱ አንድ ሰዓት ላይ ላከ። የለም። በሦስተኛው ምሽት ላከ፤ የለም። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የራሱን እየዋጠ "ምን አለ?" ብሎ ይጠይቃል። አስናቀ "ዝም ነው" ይላል። ያን ጊዜ ነው አስናቀ በር ማንኳኳት ምን እንደሆነ የገባው። እሱ በሦስት ቀን አንጀቱ አረረ፤ ያ ሰው አስር ቀን አንኳኩቷል።

በአራተኛው ምሽት አንድ ሰዓት ላይ "ዋጥኩ" ብሎ ላከና ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ከእጁ ሳይርቅ ስልኩ ጮኸ።

"እሰይ" ይላል።

አስናቀ ትልቅ ሰው ነው፤ ግን አለቀሰ። ምን ያሳፍራል? እኔም ሲነገረኝ አልቅሻለሁ። ወዲያው "ቤታችን ተከፍቷል፣ ግባ" ብሎ ጻፈ፤ ወንድ መስሎት ነው። ብርጭቆ ገባች። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፈች።

"እኔ ከባለቤቴ ተደብቄ ነው መድኃኒት የምውጠው" አለች። "ስለዚህ እንኳን በአፌ፣ በስልክም 'ዋጥኩ' ማለት እፈራ ነበር። ግን ሦስት መቶ ሰው ሲውጥ እያየሁ ብቻዬን አይደለሁም እያልኩ እውጣለሁ። ቤቱ ሲዘጋ በየምሽቱ እየመጣሁ አየሁ። ምንም የሚል የለም። በአሥረኛው ቀን አንድ ነገር መጣልኝ፤ እነዚህ ሰዎች ሁሉም ድነዋል አልኩ። ድነው ነው ቤቱን የዘጉት። እንግዲህ ይህ መድኃኒት ለኔ ብቻ ከቀረ ምን ያደርግልኛል ብዬ ተውኩት።"

ወይ ጉድ! ድነዋል ብላ! ይህን ማን ያስበዋል?

"መድኃኒቱን በተውኩ በስድስተኛው ቀን ውኃ እያፈላሁ ወደቅኩ" ብላ ቀጠለች። "ክንዴን ተቃጠልኩ። ባለቤቴ ነው ያነሳኝ። ሦስት ቀን ጤና ጣቢያ ተኝቼ ዛሬ ቤቴ ስገባ፣ ስልኬ ላይ ሦስት 'ዋጥኩ' ተደርድሮ አገኘሁ። ማን ይሆን እያልኩ እያየሁት አራተኛው ገባ። አለቀስኩ። ባለቤቴ አጠገቤ ነበር፤ 'ምንድን ነው እሱ?' አለኝ። ነገርኩት። ውኃ አምጥቶ ክኒኔን በእጁ ሰጠኝ፤ 'ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?' አለኝ። እኔም ዛሬ ዋጥኩ።"

ሦስት መቶ ሰው "እሰይ" አለ። ፌርማታ ሦስት ጊዜ አለ። እሷ ግን አልጨረሰችም ነበር።

"ስሜ ዘርትሁን ነው" ብላ ጻፈች። "ስላልጠየቃችሁኝ ነው የነገርኳችሁ።"

አስናቀ ያን ምሽት ተራውን ጻፈ። "እህቴ ዘርትሁን፣ ክንድሽን ያቃጠለው የማሽኑ መበላሸት አይደለም። ማሽን ይበላሻል። በመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ 'ተበላሽቶብን ነው፣ እንመለሳለን፣ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ' ብዬ ልጽፍ እችል ነበር። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ስላፈርኩ ዝም አልኩ።"

ሲስተር የሺመቤትም "እኔም እሺ ብዬ ዝም ብያለሁ" አሉ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ሁለት ነገር ተጨመረ። አንደኛው፣ ቅጂው ሌላ ከተማ ባለ ሌላ ማሽን ይቀመጣል፤ ይህ የአስናቀ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ሰው ወዶና መርጦ ለአንድ ሰው ብቻ ቁጥሩን ይሰጣል። ቤቱ ቢጠፋ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ለዚያ ሰው "ዋጥኩ" ብሎ ይልካል፤ "እሰይ" የሚለው እስኪመጣም ስልኩን አያስቀምጥም። ዘርትሁን ቁጥሯን ለማን እንደሰጠች ታውቃላችሁ? ለፌርማታ። "ቁጣው ደስ ይለኛል" አለች አሉ።

እንግዲህ የሰማሁት ይኸው ነው። ትምህርቱ ለኔ የገባኝ እንዲህ ነው፤ ሰው ላይ የሚደርስ ጉዳት ሁሉ ከብልሽት አይመጣም፤ ብልሽቱን ደብቀን ዝም ስንል ነው የሚመጣው። እኛ "ጨርሼ እናገራለሁ" እያልን ስንጠግን፣ ደጅ የቆመው ሰው ዝምታችንን በራሱ መንገድ ይተረጉመዋል። አንዱ "ጠሉኝ" ይላል፣ አንዱ "ረሱኝ" ይላል። ዘርትሁን "ድነዋል" አለች። እውነቱን ግን ማንም አልነገራትም።

ሌላም አለ። በየቤታችን፣ በየማኅበራችን ብዙ የሚናገረው ሲቀር ወዲያው እናውቃለን። ጥግ ይዞ ዝም ብሎ የሚያዳምጠውስ? እኛን እያየ የሚበረታው፣ እኛ ግን ስሙን የማናውቀው ሰውስ?

እስቲ ልጠይቃችሁ። ዛሬ ዝም ያላችሁት ለማን ነው? ያ ሰው የእናንተን በር ሲያንኳኳ ይህ ስንተኛ ምሽቱ ይሆን? አሥረኛው ከሆነ ነገ አይመጣም። ዛሬ አንድ ቃል ላኩለት።