ከአማቱ የራቀው ማይክ

አንድ ሰው ነበር። ቀን ቀን ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ከሥራ መልስ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ ይቆጣጠራል። መቼም የድምፅ ሰው ኑሮ ታውቁታላችሁ። ሁሉም ደህና ሲሰማ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ማይኩ ሲጮህ ግን ጉባኤው በሙሉ አንገቱን አዙሮ ያፈጥበታል። እናንተም ታፈጣላችሁ፤ እዚህ ላይ ሆኜ አያችኋለሁ።

ይህን ሰው መርክነህ እንበለው። መርክነህ የመዘምራኑን የመጀመሪያ አልበም እንዲቀዳ አደራ ተሰጠው። ስቱዲዮ የለም፤ አዳራሹ አለ። ውድ ዕቃ የለም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን በነፃ የሚታደል የድምፅ መቅረጫ ፕሮግራም አለ። ይህን ዓይነቱን ፕሮግራም የማይተዋወቁ ሰዎች በየአገሩ ተቀምጠው ይሠሩታል። አሠራሩን አይደብቁም፤ የፈለገ ይጠቀምበታል፣ የቻለ ያሻሽለዋል። መርክነህ በዚህ ነገር ሁልጊዜ ይደነቅ ነበር። አያውቁኝም፣ ግን ሰጡኝ ይል ነበር። ይህ ብቻውን ስብከት ይወጣዋል፤ ዛሬ ግን እሱን አልሰብክም።

ችግሩ የመጣው ከበሮው ላይ ነው። ከበሮ መቺው አቶ ዳንሳ ናቸው። መዘምራኑ ከተቋቋሙ ጀምሮ ከበሮው ከእሳቸው እጅ ወጥቶ አያውቅም። ባለፈው ክረምት ግን ታመው ተኙ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተነሡ፤ ምታቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ሲቀዳ ከመዘምራኑ ድምፅ ሥር ሰምጦ ይቀራል። የመዘምራኑ መሪ ወንድም እስጢፋኖስ ክፉ ሰው አይደለም፤ አልበሙ እንዲያምር ይፈልጋል እንጂ። መርክነህን ለብቻው ጠርቶ፣ እስከ ቅዳሜ የሽማግሌው ከበሮ ካልተሰማ በሙዚቃ ኪቦርዱ ምት እንተካዋለን አለው።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። አቶ ዳንሳ የመርክነህ አማት ናቸው።

ሳቃችሁ ገብቶኛል። ያገባችሁ ነገሩ ገብቷችኋል፤ ያላገባችሁ ትደርሱበታላችሁ።

የመርክነህ ሚስት አማረች የአባቷ ነገር አይሆንላትም። ያን ከበሮ ከአባቷ እጅ መውሰድ፣ ከበሽታ የተረፈውን ሰው መልሶ አልጋ ላይ ማስተኛት ነው ብላ ታምናለች። መርክነህም ይህን ያውቃል። እሱም ቢሆን አማቱን ይወዳቸዋል። ይወዳቸዋል ማለት ግን ያዋራቸዋል ማለት አይደለም። በአገራቸው ደንብ አማት ይከበራል። አማት ሲገባ ይነሡለታል፤ አማት በተቀመጠበት አግዳሚ አይቀመጡም፤ ዓይን ዓይኑን አያዩትም። መርክነህ ይህን ደንብ ሳያጎድል ይጠብቃል። ሰላምታው ከሩቅ ነው፤ ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። "ደህና አደሩ አባባ?" ይላል፣ መልሱን በቅጡ ሳይሰማ ዞር ይላል።

እናም በኮምፒውተሩ ሊያድናቸው ተነሣ። ትሪገር የሚባል ፕለጊን አለ። ፕለጊን ማለት ዋናው ፕሮግራም ላይ የሚሰካ ትንሽ ፕሮግራም ነው። የትሪገር ሥራው ማዳመጥ ነው፤ የተቀዳውን ከበሮ ያዳምጥና ምት በሰማ ቁጥር፣ ሌላ ቦታ በደንብ የተቀዳ ጠንካራ የከበሮ ድምፅ እዚያው ላይ ያሰማል። የደከመ ምት ይገባል፣ ዱም የሚል ምት ይወጣል። ምቱን ከሌላው ድምፅ የሚለይበት ልክ ደግሞ አለው። መርክነህ ይህን ልክ ደፍ ይለዋል። ከደፉ ያነሰ ድምፅ ደጅ ይቀራል፤ ደፉን የተሻገረ ሁሉ ግን ምት ነው ተብሎ ይቆጠራል።

መጀመሪያ ደፉን ከፍ አደረገው። ምን ሆነ? የአማቱ ምት አብዛኛው ደጅ ቀረ። አንዱ ይገባል፣ ሌላው ይቀራል፤ መዝሙሩ እያነከሰ ይሄዳል።

ደፉን ዝቅ አደረገው። አሁን ደግሞ ማን ቀረ? ጭብጨባው ገባ። ኮቴው ገባ። አቶ ዳንሳ ሳል አላቸው፤ ሲያስሉ ዱም። አንዲት እኅት መዝሙሩ መካከል "አሜን" ትላለች፤ ዱም። የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ እርግብ ሲያርፍ ዱም፣ ሲነሣም ዱም። መርክነህ ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ ብቻውን ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ ቅዳሜ እየደረሰ ነበር።

በመጨረሻ ትሪገሩን ተወውና ምቱን በእጁ እየለቀመ አስቀመጠ። የማያውቀው ሰው በማያውቀው አገር የመታውን ከበሮ ከመዝሙሩ ዳር እስከ ዳር ደረደረው። አንዱም ዝንፍ አላለም። ቅዳሜ መዘምራኑን ሰብስቦ አሰማቸው፤ አዳራሹ ተናወጠ። እልልታው ቀለጠ፤ ወንድም እስጢፋኖስ በደስታ ጠረጴዛውን ይደበድብ ጀመር።

አቶ ዳንሳ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያም በቅን ልብ ጠየቁ።

"ጎበዝ ነው። ማነው የመታው?"

መርክነህ ኮምፒውተሩ ላይ አቀረቀረ። ማንም ይሁን እጁ ይባረክ አሉና ቀስ ብለው ተነሥተው ወጡ። አልተቆጡም። ተቆጥተው ቢሆን ለመርክነህ ይሻለው ነበር። ሽማግሌው ጊዜያቸው እንዳለፈ ገምተው፣ ተተኪዬ ነው ያሉትን ሰው መርቀው ሄዱ።

መርክነህ ቤቱ ገብቶ ራት ቀርቦለት አልበላም። አማረች ምን እንደሆነ ጠየቀችው፤ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ትቆጣለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ሲቀዳ ማይኩ የት እንደነበር ጠየቀችው።

"ምሰሶው ጋ" አላት።

"አባዬ እኮ የሚቀመጠው መስኮቱ ሥር ነው። ምሰሶው ጋ ምን ይሠራል?"

"ታዲያ ምን ላድርግ? በአማቴ ጉልበት መካከል ገብቼ ብረት ልትከል?"

አማረች ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቋን ጨርሳ ፊቷን ስትጠርግ እንዲህ አለችው፦

"አክብረህ፣ አክብረህ አራቅኸው። አሁን ደግሞ ድምፁ አይሰማም ትላለህ።"

በማግስቱ እሑድ፣ ጉባኤው ሲበተን መርክነህ አማቱ ዘንድ ሄደና አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመቱለት ለመናቸው። እሺ ብለው ከበሯቸውን አንሥተው ተቀመጡ። ማይኩን ይዞ ቀረበ። ላብ በላብ ሆኗል። ይቅርታ እየጠየቀ ተንበረከከ፤ በጉልበቶቻቸው መካከል እጁን አስገብቶ ማይኩን ከከበሮው ቆዳ አጠገብ፣ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ አቆመው። ቀና ሲል እጃቸውን አየ። ቀኝ እጃቸው ከበሮውን ደግፎ ይይዛል እንጂ አይመታም። የሚመቱት በግራቸው ነው። ከሕመሙ ወዲህ ግራ እጃቸውን ከበሮ ሲያስተምሩት ከርመዋል። ያ ሁሉ የአዳራሽ ሰው፣ መርክነህም ጭምር፣ ይህን አላየም። ሁሉም ከሩቅ ያከብራቸው ነበራ!

አቶ ዳንሳ ቁልቁል ተመለከቱት። "እኔ እኮ ሳሌን ፈርተህ የምትሸሸኝ ይመስለኝ ነበር" አሉት።

"አክብሬዎት ነው፣ አባባ።"

"ቀርበህ ካልነገርከኝ በምን አውቃለሁ ልጄ?" አሉና ሳቁ። ከዚያም መቱ።

መርክነህ በማዳመጫው ሲሰማው ምቱ ደካማ አልነበረም። ለስላሳ ነበር እንጂ። መዳፋቸው ሲያርፍ፣ ጣቶቻቸው ሲከተሉ፣ ቆዳው ሲመልስላቸው ሁሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። መዘምራኑ ተጠርተው በዙሪያቸው ቆመው እንደገና ዘመሩ። ጭብጨባው ሞቀ፤ ያቺ እኅትም አሜኗን አልተወችም። ከከበሮው ቅርበት ጋር ሲተያይ ግን ሌላው ሁሉ ሩቅ ሆነ። መርክነህ ትሪገሩን መልሶ ከፈተው፤ ደፉን መካከል ላይ አድርጎ ተወው። እያንዳንዱ ምት ገባ፣ ሳሉ ደጅ ቀረ። የዚያን የማያውቀውን ሰው ከበሮ አልጣለውም፤ ከአማቱ ምት ሥር በስሱ አስገባው፣ ሽማግሌ ሲነሣ ክንዱን ደገፍ እንደሚያደርጉት ያህል ብቻ። ወንድም እስጢፋኖስ ሲሰማው ስለ ኪቦርዱ ምንም አላነሣም፤ እንደገና አሰማን አለ እንጂ። አቶ ዳንሳም ገና ሲጀምር ራሳቸውን እየነቀነቁ ፈገግ አሉ። የገዛ እጃቸውን ለይተውታል።

ወገኖቼ፣ እስቲ ልጠይቃችሁ። ትሪገሩ ምን አጠፋ? ምንም። አቶ ዳንሳስ ምን አጠፉ? ምንም። ያ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ደፉን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ከረመ፤ ማይኩን ግን ከቦታው አላነሣም።

እኛስ? ከመካከላችን ደፉ ዝቅ ያለበት አለ። ሚስቱ ብርጭቆ ስታስቀምጥ ትንሽ ካንኳኳች ዱም። ልጁ በር ከወረወረ ዱም። የታክሲው ረዳት መልስ ካዘገየ፣ እሱማ ዱም ዱም! አንዳንዶቻችሁ አሁን አጠገባችሁ ያለውን በክርን እየጎሸማችሁ ነው፤ ተዉ። ደግሞ ደፉን ሰቅሎ የሚኖር አለ። ልጁ "አባዬ" ትለዋለች፣ መልሳ "አባዬ" ትለዋለች፤ ካላለቀሰች ድምፅዋ አይገባለትም። አንዱን ቻል፣ አንዱን አድምጥ ብለን እንመክራለን። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ከሩቅ ሆኖ ግን አይሠራም። ከሩቅ ሲሰሙት ሳልም ምትም አንድ ነው።

እናንተ ማንን ነው ምሰሶው ጋ ቆማችሁ የምታዳምጡት? አባታችሁን? በበዓል ትደውላላችሁ፤ ደህና ነኝ ይላችኋል፤ ደህና ነው ብላችሁ ስልኩን ትዘጋላችሁ። የትኛው እጁ እንደደከመ ታውቃላችሁ? ጎረቤታችሁን? ደህና ዋሉ ብላችሁ ስታልፏቸው ስንት ዘመናችሁ? ሰው አስቀይመን ብቻ አይደለም የምንርቀው። አክብረንም እንርቃለን፤ እንዲያውም ይኼኛው ይብሳል፣ ማንም አይወቅሰንማ።

እግዚአብሔርንስ? እንቆምለታለን፣ አንገታችንን እንደፋለን፣ ማዕረጉን አንድ በአንድ እንጠራለን፤ ከዚያ ሮጠን እንወጣለን። በሳምንቱ ትመጡና "ፓስተር፣ ዝም አለኝ፤ ድምፁ አይሰማኝም" ትሉኛላችሁ። ዝም መቼ አለ? ለስላሳ ሆኖ ነው እንጂ። ዝም ያለ ሲመስለን ደግሞ ምን እናደርጋለን? የሌላ ሰው ከበሮ እንጭንበታለን። የሌላውን ምስክርነት፣ የሌላውን ጸሎት፣ የሌላውን ለቅሶ ሳይቀር ተውሰን ድምፁን ከፍ እናደርገዋለን። አዳራሹ ይናወጣል፤ ደስ ይላል። እሱ በፍቅር ጎንበስ ብሎ ማነው ይኼ ቢለን ግን ምን እንመልስለታለን?

አማት አታክብሩ አላልኩም። የእኔም አማት እዚህ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ እየተጠነቀቅሁ ነው የምናገረው። ግን ተንበርክኮ መቅረብም ክብር ነው። መርክነህ አማቱን ከሁሉ ቀን አብልጦ ያከበራቸው፣ ላብ እያጠመቀው በጉልበታቸው መካከል ማይክ ያቆመ ዕለት ነው።

ዛሬ ስንበታተን በሩ ላይ ከሩቅ እጅ የምትነሷቸው ሰዎች አሉ። ዛሬ እጅ ነሥታችሁ አትለፏቸው። አጠገባቸው ተቀመጡ፤ እጃቸውን ያዙ፣ የያዛችሁትን እጅም እዩት። ቤታችሁ ገብታችሁ ስትጸልዩ ደግሞ ለአንድ ቀን እንኳ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ቅረቡት። እናንተ አፋችሁን ሳትከፍቱ እሱ መናገር ጀምሯል።