ከበርሜሉ ውስጥ የመለሰው ድምፅ

አንዲት እናት ነበረች። ብሥራት የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት። ልጅቱ ሦስት ዓመቷን አልፋለች፤ ግን አትናገርም። ጸበል ወሰደቻት። ሐኪም ዘንድም ወሰደቻት።

ሐኪሙ መርምሮ «ጆሮዋም ምላሷም ደህና ነው። ለመሆኑ ቤት ውስጥ ታጫውቷታላችሁ?» ቢላት እናትየዋ ከፋት።

«ምን ብዬ ላጫውታት? አትመልስልኝም» አለችው።

ሰማችሁ ወገኖቼ? አትመልስልኝም አለች! ምን ጠይቃት ነው የምትመልሰው? ለልጅቱ የምትላት «ብዪ»፣ «ተኚ»፣ «አትንኪ» ብቻ ነው። ስልክ ስታነሳ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። እህቷን «በላሽልኝ? ደከመሽ እንዴ?» እያለች ስታቆላምጥ ትውላለች። ልጅቱ ደግሞ ጥግ ይዛ ትሰማለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናትየዋ ልብስ ልታስገባ ወደ ጓሮ ወጣች። ቀጭን ድምፅ ሰማች።

«በላሽልኝ?»

ከመሬት ሥር የመጣ የሚመስል ወፍራም ድምፅ መለሰ።

«በላሽልኝ?»

«ደከመሽ እንዴ?»

«ደከመሽ እንዴ?»

የግቢው በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። ሌላ ሰው የለም። ይበልጥ ያስፈራት ግን አነጋገሩን ማወቋ ነው። የራሷ ነበር።

ቀስ ብላ ዞራ ብታይ፣ ብሥራት የተጋደመ ባዶ በርሜል ውስጥ ጭንቅላቷን ከታ ታወራለች።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከእማዬ ጋር» አለች ልጅቱ።

እናትየዋ አፈሩ ላይ ተቀምጣ «ብሥራትዬ፣ በላሽልኝ?» አለቻት። ልጅቱ ግን ወደ እናቷ አላየችም። ድምፁ ከበርሜሉ የመጣ መስሏት ተመልሳ ወደ ውስጡ አጮለቀች።

እናንተስ ወገኖቼ? ልጃችሁን ታነጋግሩታላችሁ ወይስ ታዝዙታላችሁ? «አፉን ሳይፈታ ቀረ» እያላችሁ ጎረቤት ታስቸግራላችሁ፤ ማን አነጋግሮት ይፍታ? ሽንኩርት ስትልጡ አጠገባችሁ አስቀምጡት። ዓይኑን አቃጥሎት እንደሆነ ጠይቁት። ቢንተባተብ ቃሉን ከአፉ አትንጠቁት፤ ታገሡት። አንዲት ቃል ቢላችሁ በእሷ ላይ ጨምራችሁ መልሱለት። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ እኛ ግን ሰሰትን፤ ያሳዝናል።

ልጅ የሚመልስለት ይፈልጋል። እናንተ ዝም ካላችሁት ሌላ መላሽ አያጣም። እንግዲህ ዛሬ ቤት ስትገቡ «ከማን ጋር ስታወራ ዋልክ?» በሉት፤ የሚነግራችሁንም እስኪጨርስ ስሙት።